የልጅቷን ደብተር መልሱ፤ መርዙንም አቁሙ

ይድረስ ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት ኃላፊ

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ያላንኳኳሁት በር ስላልቀረ ነው። በመዝገብ ቤት በኩል ጽፌያለሁ። የገቢ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እጄ ላይ አለ። ቢሮዎ ድረስም መጥቻለሁ። አንዴ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ሌላ ጊዜ «ፊልድ ወጥተዋል» ተብዬ ተመልሻለሁ። ጸሐፊዎ ጉዳዩ የሚመለከተው ጽዳትና ውበትን ነው አለችኝ። ጽዳትና ውበት ግብርና ሂድ አለኝ። ግብርና መልሶ ወደ እርስዎ ላከኝ። የጠየቅኩት ገንዘብ አይደለም፤ ቦታም አይደለም። አንዲት ተማሪዬ በአደራ የሰጠቻችሁን ደብተር እንድትመልሱላት ነው። ደብተሩ ውስጥ የተመዘገቡትን አሞራዎች በመርዝ መፍጀት እንድታቆሙም ነው።

የከተማችንን ስም እዚህ የማልጠራው እናንተን ለመሸፈን ብዬ አይደለም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ስሟ ከተጠራ ልጅቷ ትታወቃለች። ገና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። የትኛዋ ልጅ እንደሆነች እርስዎ በደንብ ያውቃሉ።

ለማያውቋት አንባቢዎች ግን ትንሽ ልናገር። እናቷ ጉልት ቸርቻሪ ናት። ቤታቸው ከቄራው ጀርባ ነው። ዘጠነኛ ክፍል እያለች አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አሞራዎቹ ጠዋት ጠዋት ክንፋቸውን ዘርግተው ዝም ብለው የሚቆሙት ለምንድን ነው?» አለችኝ። ሰውነታቸውን ፀሐይ እያሞቁ፣ ላባቸውን እያደረቁ እንደሆነ ነገርኳት። ከመሬት የሚነሳ ሞቃት አየር ሲያገኙ ያለ ብዙ ድካም እንደሚንሳፈፉም ጨመርኩላት። እሷ ግን በእኔ መልስ አልቆመችም። በማግስቱ በጠዋቱ ወጥታ ራሷ አየች። ፀሐይ ሞቅ እስኪል ከዛፉ ካልተነሱ፣ ለመቁጠር የሚመቸው ሰዓት ከዚያ በፊት ነው ማለት ነው። ይህንን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ደረሰችበት።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከትምህርት በፊት ስትቆጥር ኖረች። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው። በማስመሪያ የተሰመሩ ዓምዶች አሉት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ዛፍ፣ ትልቅ፣ ልጅ እግር፣ አየሩ እንዴት ነበር። «ትልቅ» እና «ልጅ እግር» የሚለውን እንዴት እንደምትለይ ስጠይቃት ፊታቸውን አሳየችኝ። ያደገው ፊቱ ሮዝ ነው፣ ከአናቱ እስከ ማጅራቱ ነጣ ያለ ለስላሳ ጭገር አለው። ገና ያላደገው አናቱ ላይ ያለው ጭገር ጠቆር ይላል። ሲጣሉ ወይም ሲደነግጡ ደግሞ ፊታቸው ደም መስሎ ይቀላል። እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ ይህንን ቀርቤ ያየሁት ግን በእሷ ምክንያት ነው።

የምትቆጥረው ትንሹን ጥንብ አንሳ ነው። ምንቃሩ ቀጭን ነው፤ ትልልቆቹ ጠግበው ሲሄዱ አጥንት መሐል የቀረችውን ቁራጭ ሥጋ ለቅሞ የሚያወጣው እሱ ነው። በሳይንስ ስሙ ኔክሮሲርቴስ ሞናኩስ ይባላል። ከሰው ጋር ተላምዶ ቄራ፣ ገበያና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ ስለሚኖር ብዙ ያለ ይመስለናል። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንን ወፍ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ በዱር ጨርሶ መጥፋት ነው። አንዲት የገጠር ከተማ ተማሪ ደብተር ገዝታ ስትቆጥረው የኖረችው እንዲህ ያለውን ፍጥረት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ ልምጣ።

ባለፈው ኅዳር ማዘጋጃ ቤቱ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት ዘመቻ ወጣ። ሌሊት መርዝ የተቀበረበት ሥጋ በቄራው ዙሪያና በመናኸሪያው በኩል ተበተነ። ጠዋት ውሾቹ በየቦዩ ሞተው ተገኙ። እስከ ከሰዓት ድረስ ያነሳቸው አልነበረም። ጥንብ አንሳ ደግሞ ሥራው ሬሳ ማንሳት ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሩቅ ያየዋል። እሱን ደግሞ ሌላው ያየዋል። በዚህ የተነሣ አንድ የተመረዘ ሬሳ የአካባቢውን አሞራ በሙሉ ይጠራል።

ልጅቷ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መጣች። ዩኒፎርሟ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። «ቲቸር፣ እየሞቱ ነው» አለችኝ። አብሬያት ሄድኩ። በቄራው አጥር ሥር አንዱ ገና በሕይወት ነበር። አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። እግሮቹ ደርቀው ተገትረዋል። አንድ ክንፉ ጭቃው ላይ ተዘርግቶ ይርገበገባል። ጭንቅላቱን ለማንሳት ይሞክራል፤ አይችልም። ከጎኑ ሌሎች ሞተው ወድቀዋል፤ ከመካከላቸው ቁራዎችም ነበሩ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ደብተሯን አውጥታ የትኛው ትልቅ፣ የትኛው ልጅ እግር እንደሆነ እየለየች ጻፈች። እጇ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህንን ካየች በኋላ ያደረገችው ከእሷ የሚጠበቅ ነበር። ያየችውን በሁለት ገጽ ጽፋ፣ ደብተሯን ይዛ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደች። አንድ ሠራተኛችሁ ተቀበላት። «ለመረጃ ያህል እናየዋለን፣ ሰኞ መጥተሽ ውሰጂ» አላት። ሰኞ ስትሄድ የለም። በሚቀጥለው ሰኞም የለም። በኋላ ሌላው ሠራተኛ «አንቺ ልጅ፣ ትምህርትሽን አትማሪም? አሞራ ለማን ይጠቅማል?» ብሎ አባረራት። ቅጂ አልነበራትም። ሰኞ ይመለሳል የተባለ ነገር ነበርና።

ቀጥሎ የሆነው ነው ይህንን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

ግንቦት 28 የዓለም አካባቢ ቀን በአዳራሹ ተከበረ። የትምህርት ቤታችን ክበብ ተጋብዞ ነበር፤ ልጆቹ የክበቡን ቲሸርት ለብሰው ተቀምጠዋል። የእናንተ ባለሙያ ሪፖርት አቀረበ። ፕሮጀክተሩ ላይ አንድ ምስል ወጣ። በማስመሪያ የተሰመሩ ዓምዶች። ቀን፣ ሰዓት፣ ዛፍ። ጥጉ ላይ ሻይ የፈሰሰበት ቡናማ ምልክት። የልጅቷ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ከሥሩ የተጻፈው ግን «በማዘጋጃ ቤቱ የተካሄደ የአእዋፍ ቆጠራ» የሚል ነበር። ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ። «ቲቸር፣ ይሄኮ የኔ ነው» አለች። ድምጿ አልወጣም፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ነው ያየሁት። ስሟ አልተጠራም። ክበቡም አልተጠራም። ስለ መርዙ አንድም ቃል አልተነገረም። አዳራሹ አጨበጨበ። እርስዎ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር፤ እርስዎም አጨበጨቡ።

ሲያልቅ ወደ መድረኩ ሄጄ ባለሙያውን ጠየቅሁት። «የመንግሥት መረጃ ነው» አለኝ። የጉልት ቸርቻሪዋ ልጅ ደብተር በምን ሕግ የመንግሥት ሆነ? ለአንዲት ተማሪ ከዚህ የባሰ ምን ትምህርት ይሰጣል? በክፍል ውስጥ ከሌላ ሰው መገልበጥ ነውር ነው ብለን ዜሮ እንሰጣለን። ይህች ልጅ ያን ዕለት የተገለበጠችው በትልልቅ ሰዎች ነው፤ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሰኔ ላይ መርዙ እንደገና ወጣ። በዚህ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዝግባ ብዙም ሳይርቅ ነው። ያ ዝግባ ላይ ጎጆ ነበር። ልጅቷ አዲስ ደብተር ገዝታ ከየካቲት ጀምሮ ስትከታተለው ነበር። ይህ ወፍ በአንድ ወቅት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ከመቀፍቀፉ በፊት ከአንድ ወር ተኩል በላይ ይታቀፋል፤ ጫጩቱም ለመብረር ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጅበታል። ጫጩቱ ሊበር የተቃረበ ነበር። ከወላጆቹ አንዱ ከዛፉ ሥር ሞቶ ተገኘ። ሌላውን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። የደብሩ ዘበኛ አባት ጫጩቱ ለቀናት ጎጆው ጠርዝ ላይ ቆሞ ይታይ እንደነበር ነግረውናል። ከዚያ ጠፋ።

የተቆጠረውን በስማችሁ አቀረባችሁ። ከዚያ የተቆጠሩትን ገደላችሁ። እኔ ከዚህ በላይ የሚያስቆጣ ነገር በዚህ ከተማ አላየሁም።

ደብተሩን የምንፈልገው ለትዝታ አይደለም። ይህንን ይረዱልኝ። ከመርዙ በፊት ከተማችን ውስጥ ስንት ጥንብ አንሳ ይኖር እንደነበር የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። አሁን ስንት እንደቀሩ አዲሱ ደብተር ላይ አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ምን እንደደረሰ የሚታወቀው። አሮጌው እናንተ ዘንድ እስካለ ድረስ «ማነው ቀነሱ ያለው?» ማለት ትችላላችሁ። ሆን ተብሎ ተይዟል ማለት አልፈልግም። ካልተመለሰ ግን ሌላ ምን ልበል?

ውሻን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ችግሩን አልክድም። አምና አንድ ተማሪዬ መንገድ ላይ ተነክሶ ለመርፌው ወደ ሌላ ከተማ ሲመላለስ ከርሟል። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ሰው እየገደለ ነው፤ ሰው ላይ የሚደርሰው ሁሉም ማለት ይቻላል በውሻ ንክሻ ነው። ነገር ግን ውሻ በመግደል በሽታው እንደማይቆም የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። የተገደለውን ውሻ ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። በሽታው የሚቆመው ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በውሻ ምክንያት የሚመጣውን የሰው ሞት ዜሮ ለማድረግ የተያዘው ዓለም አቀፍ ዕቅድም የቆመው በክትባት ላይ ነው። ይህንን የእንስሳት ጤና ባለሙያዎቻችሁ ያውቁታል። አጠገባችሁ ናቸው፤ ጠይቋቸው።

ሠራተኛችሁ «አሞራ ለማን ይጠቅማል?» ብሎ ልጅ ያባረረበትን ጥያቄም ልመልስ፤ ጥያቄው መልስ አለውና።

ሕንድ መልሱን በብዙ ሰው ሕይወት ከፍላ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ እዚያ የነበሩት ጥንብ አንሳዎች ባልታወቀ ምክንያት ማለቅ ጀመሩ። ከአንዳንዶቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ጠፋ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ። ሁላችንም ከፋርማሲ የምናውቀው ዲክሎፌናክ ለከብት ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ ነበር። ያ ከብት ሲሞት የበላው አሞራ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት መስጠት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እስከዚያ ግን ሬሳው በየሜዳው ተከመረ። አሞራ ያጣውን ሥጋ ውሻ ወረሰው። ውሻው በዛ፤ ንክሻውም በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሚገድለው ሰውም በዛ።

ልብ ይበሉልኝ። እናንተ ውሻን ለመቀነስ ብላችሁ የምትበትኑት መርዝ፣ የውሻን ምግብ የሚቀንስላችሁን ፍጥረት ነው የሚገድለው። ጥንብ አንሳው ከሌለ የቄራው ትርፍራፊ ለማን ይቀራል? ለውሻና ለአይጥ ነው። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት እንኳ በልቶ ሳይታመም የሚያድር ወፍ ነው። ደመወዝ ሳይጠይቅ ከተማ ያጸዳል። ጽዳትና ውበት ይህንን እንዴት ያጣዋል?

መርዝ ስንት እንደሚገድል ደግሞ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጊኒ ቢሳው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ከ2000 በላይ የዚሁ የእኛ ዝርያ አሞራዎች በመርዝ አለቁ። አፍሪካ ውስጥ ምክንያቱ ከተመዘገበው የጥንብ አንሳ ሞት ከግማሽ በላይ የሆነው በመርዝ ነው። ትልልቅ አገሮች ገንዘብ አፍስሰው የቀረውን ለማዳን ይሮጣሉ። እኛ ጋ ያለ ምንም በጀት የሚቆጥር ልጅ ተገኘ፤ እሷን አባረርናት።

ሕጉን ላስተምርዎ አልመጣሁም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቢሮዎ መደርደሪያ ላይ መኖር አለበት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ላይ መንግሥትም ዜጎችም አካባቢያቸውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። ዜጋዋ ግዴታዋን ተወጥታለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በብርድ ቆማ ተወጥታለች። የቀረው የእናንተ ድርሻ ነው።

ከእናንተ የምንጠብቀው ብዙ አይደለም። ደብተሩ ይመለስ፤ በእናንተ መዝገብ ቤት በኩል፣ በፊርማ። ሪፖርቱ ወደ ዞን ከተላከ ቆጠራው የማን እንደሆነ የሚገልጽ የማስተካከያ ደብዳቤ በስሟ ይጻፍ፤ ለትምህርት ቤቱም በግልባጭ ይምጣ። በአደባባይ የተወሰደ ነገር በአደባባይ ይመለሳል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው የከተማው ስብሰባ ላይ ይነገር። መርዝ መበተን ይቁም። ለመርዙ የሚወጣው ገንዘብ ለክትባት ይዋል። የክበባችን ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ውሻ ለመመዝገብ ዝግጁ ናቸው፤ ስም ዝርዝራቸውን ከደብዳቤዬ ጋር አያይዤ ልኬ ነበር። የሞተ እንስሳም በዕለቱ ተነስቶ ይቀበር። ይህ የመጨረሻው አካፋና ሁለት ሰው ነው የሚጠይቀው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ተው፣ ልጅቷን ታስጠቁርባታለህ» ብለውኛል። ስለ እሷ ፈርተው ነው፤ እረዳቸዋለሁ። እናቷን አማከርኩ። «የልጄን ልፋት ወስደው ዝም በይ ይሏታል እንዴ? ጻፍ» አሉኝ። በእሷ ላይ፣ በእናቷ መደብ ላይ ወይም በክበቡ ልጆች ላይ አንዳች ጫና ቢመጣ ከየት እንደመጣ አንባቢ ሁሉ ያውቃል።

ልጅቷ ዛሬም ትቆጥራለች። በዚህ ሳምንት ያመጣችልኝ ገጽ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ዝግባ በተጻፈበት መስመር ትይዩ ያሉት ዓምዶች ባዶ ናቸው። ለምን ዜሮ እንዳልጻፈች ጠየቅኋት። «ምናልባት ዘግይተው ይመጡ ይሆናል ብዬ ነው» አለችኝ።

የውሻው ዘመቻ በዓሉ እንዳለፈ እንደሚቀጥል ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት መልስ እፈልጋለሁ፤ በጽሑፍ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበት። «እናየዋለን» መልስ አይደለም። ደብተሩንም «እናየዋለን» ብላችሁ ነው የወሰዳችሁት።

የልጅቷ የባዮሎጂ መምህር እና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ